በሌሎች ድካም የገባን ሰዎች

ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ካቀረብነው ትምህርት የተዘጋጀ ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክለነዋል፤ የንግግሩን መልክ ግን አልለወጥነውም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርቱን ያስጀመረን የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። የእኚህ እናት ልጅ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራል። በዲቪ ሄዶ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ታክሲ ነድቷል፣ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ሠርቷል፣ ቤት ገዝቷል፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ነው። የልጅ ልጃቸው እዚያው የተወለደ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው። አንድ ቀን ይህ ልጅ ጫማ ሊገዛ ሱቅ ገባ። ጥበቃው ከኋላ ከኋላው እየተከተለ መቆሚያ አሳጣው፤ አብሮት የነበረውን ነጭ ጓደኛውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ልጁ ቤት ገብቶ ይህን ሲናገር አባትየው ተቆጣ። «እኛ በአንድ ሻንጣ መጥተን ቤት ገዝተናል። ይሄ የጥቁር አሜሪካኖች እሮሮ ነው፤ ከነሱ ነው የተማርከው። ሥራ የሚወድ ሰው እዚህ አገር ምንም አይጎድልበትም» አለው። ልጁም «ዳዲ፣ አንተ አልገባህም» ብሎ በሩን ዘግቶ ገባ። ይኸው ወር አለፋቸው፤ አባትና ልጅ በደንብ አይነጋገሩም። እናታችን የሚጠይቁኝ ይህንን ነው፦ ዘረኝነት በሕግ ከተከለከለ ስንት ዘመኑ? ታዲያ ዛሬም አለ የሚሉት ምኑን ነው? ከልጄና ከልጅ ልጄ ማንኛው ነው ልክ?

እናቴ፣ ጌታ ይባርክዎ። ጥያቄው የእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ባሉት አብያተ ክርስቲያናችን ወላጅና ልጅ እየተለያየበት ያለ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር «ዘረኝነት» ሲባል ሐሳባችን ወዲያው ወደ ብሔር ይሮጣል። እሱም ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ለራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ዛሬ ግን የምናወራው ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ አሜሪካ ነው።

ጳውሎስና ሻለቃው

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22ን ግለጡልኝ። ጳውሎስ ኢየሩሳሌም ውስጥ ተይዟል። በጠፍር አስረውታል፤ ሊገርፉት ነው። ጳውሎስ አልጮኸም፣ አልለመነም። ሮማዊ ዜጋ መሆኑን የሚያስታውቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። በቃ፣ ሁሉም ነገር ቆመ። ገራፊዎቹ ትተውት ሄዱ፤ ሻለቃው ራሱ ፈራ። ከዚያ ቁጥር 28 ላይ ሁለቱ የተነጋገሩትን ልብ በሉ። ሻለቃው ዜግነቱን ያገኘው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ነው። ጳውሎስ ግን ሲወለድ ጀምሮ ነበረው።

እስቲ በዚያ ቀን፣ በዚያው ግቢ፣ ሮማዊ ያልሆነ ሌላ አይሁዳዊ ታስሮ ቢሆን ኖሮስ? ይገረፋል። ጳውሎስ ከዚያ ሰው የተሻለ ነገር ስለ ሠራ አይደለም የዳነው። ዜግነቱን አልሰረቀም፣ ማንንም አልነጠቀም። ሲያድግ ትዝም አይለው ይሆናል፤ ጅራፉ እስኪነሣ ድረስ ልዩነቱ አይታይማ! በዘር የሚገኝ ልዩ ጥቅም የሚባለው ይህ ነው። ሥርዓቱ የሰውን አወላለድ አይቶ ለአንዱ ጅራፉን ይመልሳል፣ ለሌላው ያወርዳል። ጅራፉ የተመለሰለት ሰው ክፉ መሆን አያስፈልገውም።

ብዙ ነጭ አሜሪካውያን «ልዩ ጥቅም አለህ» ሲባሉ የሚከፋቸው ይህን ባለመለየት ነው። «እኔ የድሃ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ማዕድን ሲቆፍር ነው ያሳደገኝ፤ የምን ጥቅም?» ይላሉ። ድካማቸው እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን ሮም ውስጥም ድሃ ሮማዊ ነበረ። ዕዳ ያጎበጠው ሮማዊ ነበረ። ጅራፉ ሲመጣ ግን ያም ድሃ ሮማዊ ነው።

የአንድ ቤት ታሪክ

እሺ፣ ወደ አሜሪካ እንሂድ። ስለ ልዩ ጥቅም በደፈናው ማውራት ይቻላል፤ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ሥራ ቅጥር፣ ስለ ሐኪም ቤት። እኔ ስለ ቤት ብቻ ላውራ። የእናታችን ልጅ የተመካው በቤቱ ነዋ።

ከ1930ዎቹ በፊት ተራው አሜሪካዊ ሠራተኛ ቤት መግዛት ይከብደው ነበር። ባንኩ የዋጋውን ግማሽ ያህል በቅድሚያ አምጣ ይላል፤ የቀረውን ደግሞ በአምስት ወይም በአሥር ዓመት ጨርስ ይላል። ማን ይችላል? በዚያ ላይ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ ሕዝቡ የነበረውንም ቤት ያጣ ጀመር። ያን ጊዜ መንግሥት ገባበት። በ1934 የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የዚህ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ ገንዘብ ማበደር አልነበረም፤ ለባንኮች ዋስ መሆን ነበር። «ተበዳሪው ባይከፍል እኔ አለሁ» ይላል መንግሥት። ባንኮች ዋስ ሲያገኙ እጃቸው ተፈታ። ትንሽ ቅድሚያ ተቀብለው የቀረውን ለሃያና ለሃያ አምስት ዓመት ይዘረጉለት ጀመር። የወር ክፍያው እንደ ቤት ኪራይ ያህል ሆነ። ዛሬ «የአሜሪካ መካከለኛ መደብ» ከምንለው ሕዝብ ብዙ ሰው ቤት ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ዋስትናው ግን ለማን ነበር? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1933 የተቋቋመ ሌላ የመንግሥት ድርጅት ከ200 በላይ ከተሞችን በካርታ ላይ በአራት ቀለም ቀብቷቸው ነበር፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ። አረንጓዴው ምርጥ ነው፤ ቀዩ አደገኛ ነው። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቀይ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ሥራ ያላቸው፣ ዕዳቸውን የሚከፍሉ ሰዎች ቢሆኑም እንኳ። የቤቶች አስተዳደሩም ለገማቾቹ ባወጣው መመሪያ ዘር መቀላቀልን ለቤት ዋጋ እንደ አደጋ ቆጠረው። እንዲያውም አዲስ ሰፈር የሚሠሩ ሰዎች በቤቱ ሰነድ ላይ «ለነጭ ካልሆነ አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል ውል እንዲያስገቡ ያበረታታ ነበር። ጥቁር ሰው በዚያ ቤት ማደር የሚችለው የቤት አገልጋይ ከሆነ ብቻ ነው ብለው የሚጽፉ ውሎችም ነበሩ። ወጥ ቤት ገብቶ ማብሰል ይችላል፤ ቁልፉ የእሱ ሊሆን ግን አይችልም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1947 ጀምሮ፣ ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ ሌቪታውን የሚባል ሰፈር ተሠራ። ከ17,000 በላይ ቤቶች ነበሩት። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይገቡባቸው ነበር። ዋጋው ወደ 8,000 ዶላር ገደማ ነው። ጥቁሩ ወታደርስ? አብሮ ዘምቷል፣ ጓደኞቹን ባዕድ አገር ቀብሮ ተመልሷል። ሌቪታውን ግን አይሸጥለትም። በ1944 ለተመላሽ ወታደሮች የወጣው ሕግ በወረቀት ላይ ነጭና ጥቁር አይልም። ነገር ግን ገንዘቡን የሚሰጠው የየአካባቢው ባንክ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ በ13 ከተሞች በ1947 ከተሰጡት ከ3,200 በላይ የወታደር ብድሮች ለጥቁሮች የደረሱት 2 ናቸው። ሁለት መቶ አላልኩም፤ ሁለት።

በ1957 ደግሞ ፔንሲልቬንያ ወዳለችው ሌላዋ ሌቪታውን ዊልያምና ዴዚ ማየርስ የሚባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። ቤቱን በገንዘባቸው ነው የገዙት። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ከቤታቸው ደጅ ተሰበሰበ፤ ድንጋይ በመስኮት ገባ፤ በሰፈሩም መስቀል ተቃጠለ። የጌታችንን መስቀል፣ ወገኖች! ለማስፈራሪያ! አጠገባቸው የቆሙ ነጭ ጎረቤቶችም ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር እነዚያንም መርሳት የለብንም። ግን ልብ በሉ፤ ደጅ ከተሰበሰበው ሕዝብ ብዙዎቹ ይሉ የነበረው «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» ነበር። ለጥላቻው ምክንያት ያቀበለው ጥቅሙ ነው።

ሕጉ ከወጣ በኋላስ?

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ ደረስን። እውነት ነው፣ ሕግ ወጥቷል። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እነዚያን ውሎች ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሟቸው አይችሉም ብሎ ወሰነ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ በሚያዝያ 4 ቀን 1968 ተገደለ፤ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11፣ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ።

ታዲያ ለምን አላለቀም? እስቲ አስቡት። በ1947 በ8,000 ዶላር የተገዛው ቤት በ1968 በ8,000 ዶላር አይገኝም። ዛሬማ ሌቪታውን ውስጥ አንድ ቤት የሚሸጠው በመቶ ሺሕዎች ዶላር ነው። ነጩ አያት ዝም ብሎ በቤቱ በመኖሩ ብቻ ሀብት አፈራ። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ በቤቱ ዋስትና ተበደረለት። የልጅ ልጁ ቤት ሲገዛ ቅድሚያውን አያቱ ሰጡት። አያትየው ሲሞቱ ቤቱ ለልጆቹ ሆነ። ጥቁሩ አያት በእነዚያ ሃያ ዓመታት ኪራይ ከፈለ። ከባድ ሥራ ሠርቶ፣ አልኮል ሳይቀምስ፣ አሥራቱን ሳያጎድል ኪራይ ከፈለ። ሲሞት ለልጆቹ የተወው ደረሰኝ ነው።

በዚህ ላይ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከገንዘባቸው ትልቅ ክፍል የሚያገኙት ከአካባቢው ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው በቤትና በመሬት ላይ ከሚጣል ግብር። ቤቱ ውድ የሆነበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም ገንዘብ አለው። ቀይ የተቀባው ሰፈር ልጅ ቀይ ቀለም የገባበትን ወንበር ወርሶ ይማራል ማለት ነው።

የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባደረገው ጥናት መካከለኛው ነጭ ቤተሰብ ያለው ሀብት 285,000 ዶላር ነው፤ መካከለኛው ጥቁር ቤተሰብ ያለው 44,900። ይህ ደመወዝ አይደለም። ያለህ ሁሉ ተደምሮ፣ ዕዳህ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት ቤት ብቻ ነው አልልም። ቤት ግን ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ጥቅም ሲወረስ ታሪኩ አብሮ አይወረስም። የልጅ ልጁ የአያቱን ቤት እንጂ የአያቱን የብድር ወረቀት አላየም። ስለዚህ በሰፈሩ ዙሪያውን ሲያይ «እኛ አለን፣ እነርሱ የላቸውም፤ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። የማያውቀውን ታሪክ ሊመልስ አይችልም። የሚቀረው አንድ መልስ ነው፦ «እኛ ሠራተኞች ነን፤ እነርሱ ሰነፎች ናቸው።» ዘረኝነት አዲስ ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሁልጊዜ ጥላቻ መጀመሪያ ይመጣል፣ በደል ከኋላው ይከተላል ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ ግን በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ጥቅሙ አለ፤ ጥቅሙን ይዞ ሰላም ለማደር ሰው ሰበብ ያስፈልገዋል፤ ሰበቡ የሌላውን ሰው ስም ማጥፋት ይሆናል። ከዚያ በሰፈሩ ለአቅመ ደካሞች ፎቅ ቤት ይሠራ ሲባል ተሰብስቦ ይቃወማል። «ዘረኛ ነህ?» ብትሉት ከልቡ ይደነግጣል። ስለ ዘር አንዲት ቃል አልተናገረማ! ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ቤት ዋጋ ነው የተናገረው።

ያ ሻለቃ ጳውሎስን ሲፈታው ጅራፉን አላቃጠለውም። ለሚቀጥለው ሰው አስቀመጠው።

በሩ በትንሹ ተከፍቶለት

ይህ የዓለም ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም ብለን እንዳንዘጋው ደግሞ የራሳችን የጴንጤዎቹ ታሪክ አያስችለንም።

ዊልያም ሲሞር በ1870 ሉዊዚያና ውስጥ ባሮች ከነበሩ ወላጆች ተወለደ። አንድ ዓይኑ አያይም ነበር። ቻርልስ ፓርሃም የሚባል ነጭ አስተማሪ ሂውስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሲከፍት ሲሞር ለመማር መጣ። የቴክሳስ ሥርዓት ጥቁርና ነጭ አብረው እንዲቀመጡ አይፈቅድም። ስለዚህ ሲሞር ኮሪደር ላይ ሆኖ፣ በሩ በትንሹ ተከፍቶለት ትምህርቱን ሰማ። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያለፍነው፤ የሲሞርን ትሕትና አድንቀን ቀጠልን። አሁን አሁን ግን የማስበው ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡትን ነው። ጥሩ ክርስቲያኖች ነበሩ። ጸልየው ነው የገቡት። ወንበር ነበራቸው፣ በደንብ ይሰሙ ነበር። ከእነርሱ ማንም ሲሞርን መጥላት አላስፈለገውም፤ ቁጭ ማለት ብቻ በቂ ነበር።

ከዚያ ሲሞር ሎስ አንጀለስ ሄደ። ሚያዝያ 1906 አዙሳ ስትሪት ላይ፣ ቀድሞ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን በነበረ አሮጌ ሕንፃ፣ መነቃቃቱ ፈነዳ። ጥቁርና ነጭ፣ ሜክሲኳዊና እስያዊ አንድ ላይ ተንበረከኩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያለው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ብዙው ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል። በዚያው ዓመት ፓርሃም መጥቶ አየ። ዘሮቹ እንዲያ ተቀላቅለው ሲያመልኩ ማየት አስከፋው፤ ተቃወመም። ቀስ በቀስም መለያየቱ ተመለሰ። ጥቁሩ ቻርልስ ሜሰን የሚመራው ቤተ ክርስቲያን ለነጭ አገልጋዮችም የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ቆይቶ ነበር። በ1914 ግን ብዙ ነጮች ለብቻቸው ተደራጁ። በ1948 የሰሜን አሜሪካ ጴንጤቆስጤያውያን ኅብረት ሲመሠረት ከጥቁሮቹ ቤተ እምነቶች አንድም አልነበረበትም። መንፈስ ቅዱስ ሳይሄድ አልቀረም ይሆን? እኔ አላውቅም፤ ስብከቱ ግን አልቆመም፣ መዝሙሩም አልቆመም። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ያ ኅብረት የፈረሰው በጥቅምት 1994 ነው፤ ኪንግ በተገደለባት በሜምፊስ ከተማ። በጉባኤው ላይ አንድ ነጭ ፓስተር ተንበርክኮ የጥቁሩን ጳጳስ የኢቲየል ክሌሞንስን እግር አጠበ። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ ፎቶግራፉም ዞረ። እኔ ግን ከእግር ማጠቡ ይልቅ ከዚያ የቀጠለው ይበልጥብኛል። ነጮቹ የራሳቸውን ድርጅት አፈረሱ፤ የአዲሱ ኅብረት የመጀመሪያ ሰብሳቢም ክሌሞንስ ሆኑ። እግር ማጠብ ጥቂት ደቂቃ ነው። ወንበር መልቀቅ ሌላ ነገር ነው።

ሐዋርያት ሥራ 6ን የምናነበው ስለ ዲያቆናት ምርጫ ብለን ነው። ነገሩን የቀሰቀሰው ግን መድልዎ ነበር። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት እርዳታው ይዘለሉ ነበር። ጽሑፉ የዕብራውያኑ ወገን ይጠላቸው ነበር አይልም። ሲታደል አይታዩም ነበር፣ በቃ። ሐዋርያት «ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን፤ ለምን ታጉረመርማላችሁ?» ብለው አልገሠጹም። ሰባት ሰዎች ይመረጡ አሉ። ስማቸውን ተመልከቱ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ እያለ እስከ አንጾኪያው ኒቆላዎስ ይሄዳል። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ማከፋፈያው በተዘለሉት ሰዎች ወገን እጅ ገባ።

የሻንጣው ነገር

ወደ ሻንጣው ልመለስ። ወንድሜ፣ ሻንጣህ አንድ እንደ ነበረ አምናለሁ። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ የበላህን ብርድም ማንም አይወስድብህም። ግን አንተ የገባህበትን በር ማን ከፈተው?

በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ቁጥር መድቦ ነበር። ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ አገሮች በአሥር ሺሕዎች ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ስንት መሰላችሁ? በዓመት 100 ሰው። ያ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው። በ1963 በርሚንግሃም ውስጥ ጥቁር ሕፃናት በውሻና በውኃ ጎርፍ ተመቱ። በመጋቢት 1965 ሴልማ ድልድይ ላይ ሰልፈኞች ተደበደቡ። ሰውን በዘሩ መለየት አሳፋሪ ነው የሚለው ሐሳብ በዚያ ደም አገሪቱን ነቀነቀ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የኢሚግሬሽኑ ሕግ ተለወጠ። ዲቪ ራሱ በዚያ በተከፈተ መንገድ ላይ በ1990ዎቹ የመጣ ነው። ጌታ በዮሐንስ 4 ላይ ለደቀ መዛሙርቱ ስለ አጨዳ ሲናገር ሌሎች የደከሙበትን እናንተ ሰበሰባችሁ እንደሚል ዓይነት ነው። አንተ «ሰነፍ» የምትለው ሰው እናት ያኔ ከውሻው ፊት ቆማ ነበር ይሆናል።

ደግሞ ዲቪ ለመሙላት አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ ወይም የሥራ ልምድ ይጠየቃል። የሄድነው ተመርጠን ነው። የተመረጠን ሰው ካልተመረጠ ሕዝብ ሁሉ ጋር ማወዳደር ልክ አይደለም።

ስለ ሲልቨር ስፕሪንግም ልንገርህ። ከዋሽንግተን ድንበር ወዲያ ሜሪላንድ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ የእኛ ሰዎች ሞልተውባታል፣ እንጀራ እንደ ልብ ነው፣ በአማርኛ የሚሰበክባቸው አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። ባለፈው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በዚያ አካባቢ ከተሠሩት ሰፈሮች ብዙዎቹ ለጥቁር አይሸጥም የሚል ውል ነበረባቸው። የአንተ አባት በሁለት ሻንጣ ወርቅ ይዘው ቢመጡም አይገቡም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን ነግረውኛል። ሥራ ቦታ ነጭ አለቃ ይጠራህና «እናንተ ኢትዮጵያውያን እኮ እንደ እነዚያ አይደላችሁም፤ ሠራተኞች ናችሁ» ይልሃል። ደስ ይላል፤ እኔም ብባል ደስ ይለኝ ይሆናል። ግን ምን እየተሰጠህ እንደሆነ እይ። ከጥቅሙ ቁራጭ ነው የተሰጠህ፤ ዋጋው ደግሞ ስለ ሌላው ጥቁር ሰው በተነገረው ነገር መስማማት ነው። ያንን ከተቀበልክ በኋላ ቤት ገብተህ ለልጅህ የምትነግረው ያንኑ ይሆናል። የሱቁ ጥበቃ ግን ልጅህን «አባትህ ከየት መጡ? ሽማግሌ ናቸው ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም። ያየው አንድ ጥቁር ጎረምሳ ነው።

እናቴ፣ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ልጅዎ ደክሟል፤ ድካሙንም ማክበር ይገባል። ስለ አሜሪካ ግን ያየውን በትክክል የነገረው የልጅ ልጅዎ ነው። እሁድ ሲደውልልዎ እኔን ጠቅሰው አይገሥጹት፤ ሽማግሌ ነው፣ ይከፋዋል። አንድ ነገር ብቻ ይለምኑልኝ። ልጁን ይዞት መኪና ውስጥ ይግባና፣ የትኛው ሱቅ እንደ ነበር፣ ጥበቃው ከየት ጀምሮ እንደ ተከተለው፣ ነጩ ጓደኛው ያኔ ምን እንዳለ ይጠይቀው። ከዚያ እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይስማው። ያን ቀን ገና ጀምሮ ሳለ ነው ያቋረጠው፤ እስከ አሁን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አልሰማውም።